የሁለት ስትሮክ ያማሃ ዘይት ፓምፕ አያያዝ፦ ለጎንደር ዳገትና ለመተማ ሙቀት

ትናንት ሰማያዊ ጭስ ሲተፋ የነበረ ሁለት ስትሮክ ያማሃ፣ ምንም ሳይነካ ዛሬ ጭሱ ከጠፋ ተሻለው ማለት አይደለም። ዘይት አልደረሰውም ማለት ነው። እንዲያ ሆኖ የወገራን ዳገት ከጀመረ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ ፒስተኑ ሊነክስ (ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊጣበቅ) ይችላል። በዲቲና በኤጂ 100 የያማሃ ሞዴሎች ከወረዳ ወረዳ የሚመላለሱ የግብርናና የጤና ባለሙያዎች፣ ሞተሮቹን የሚጠግኑ መካኒኮችም ከሁሉ አስቀድመው ይህን ይያዙ፤ በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ ትንሽ ጭስ የጤንነት ምልክት ነው።

በአራት ስትሮክ ሞተር ዘይቱ ከታች ተጠራቅሞ ይዞራል፤ ያው ዘይት እስኪቀየር ድረስ ደጋግሞ ያገለግላል። በሁለት ስትሮክ ግን አየሩና ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደር የሚወጡት በክራንክሻፍቱ ክፍል አልፈው ስለሆነ እዚያ ዘይት ማጠራቀም አይቻልም። የቢዬላውን (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘውን ዘንግ) ኩሽኔታ፣ ፒስተኑንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ ተቃጥሎ በማርሚታ የሚወጣው ዘይት ብቻ ነው። ድሮ ይህ ዘይት በእጅ ተለክቶ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር ነበር። ያማሃ በ1964 እ.ኤ.አ. ዋይ ኤ 6 በተባለው ሞዴሉ ላይ አውቶሉብ የሚለውን ፓምፕ ይዞ መጣ። ዘይቱ በራሱ ታንክ ይቀመጣል፣ ፓምፑ እየለካ ከካርቡሬተሩ ወደ ሞተሩ በሚገባው መንገድ ላይ ይረጨዋል።

ፓምፑ የሚታዘዘው ለሁለት ነገር ነው። የሞተሩ ዙር ሲጨምር ፓምፑም ቶሎ ቶሎ ይመታል። ከነዳጅ መስጫው ኬብል የተከፈለ ሁለተኛ ኬብል ደግሞ የእያንዳንዱን ምት ርዝመት ይወስናል፤ ጋዝ ሲሰጥ ምቱ ይረዝማል፣ ሲለቀቅ ያጥራል። ከፓምፑ የሚወጣው ቀጭን ቱቦ መጨረሻው ላይ ትንሽ ኳስና ስፕሪንግ ያለው አንድ አቅጣጫ መዝጊያ አለው፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ዘይት ተንጠባጥቦ እንዳይገባ ይከለክላል።   

የትኛው ዘይት?

የዘይት ታንኩ የሚፈልገው የሁለት ስትሮክ ዘይት፣ በተለምዶ ቱ ቲ የሚባለውን ነው። ዕቃው ላይ ጃሶ ኤፍ ሲ ወይም ኤፍ ዲ (JASO FC, FD) የሚለውን የጥራት ደረጃ ምልክት ፈልጉ። ኤፍ ቢ ቢገኝም ይሠራል፣ ጭሱና ጥቀርሻው ግን ይበዛል። ኤፍ ሲ ጭሱ ያነሰ ነው፤ ኤፍ ዲ ፒስተንን በንጽሕና በመያዝ ይበልጣል።

ለአራት ስትሮክ የሚሆነው 20ደብሊው-50 እዚህ ታንክ ውስጥ መግባት የለበትም። ወፍራም ስለሆነ በደባርቅ ጠዋት ብርድ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ እንደ ማር ይጎተታል፤ ሲቃጠል ደግሞ አመድ ይተዋል፣ አመዱም ካንዴላው ላይና ፋሻው ጎድጓዳ ውስጥ ይጋገራል። የተጋገረ ፋሻ መለጠጥ አይችልም፣ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ለጣና ጀልባ ሞተር የሚገዛው ቲሲ-ደብሊው 3 የሚባል ዘይትም አይሆንም። ሁለት ስትሮክ ቢሆንም የተሠራው በሐይቅ ውኃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፤ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ያማሃ ከዚያ በጣም ይግላል። ከጎርጎራ የተረፈ ዘይት በነጻ ቢገኝ እንኳ ተዉት።

የማርሽ ዘይት ሌላ ነው፤ የራሱ መሙያና መለኪያ አለው። ሁለቱን መሙያዎች የሚያምታታ ሰው ስለማይጠፋ የዘይት ታንኩ ክዳን ላይ በቀለም ምልክት ማድረግ ብዙ ሞተር ያድናል።

ስንት መጠጣት አለበት?

ፓምፑ በትክክል ይሥራ አይሥራ የሚታወቀው በመለካት ነው፤ ጭስ ዐይቶ መገመት አይበቃም። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ በማዕከላዊ መቆሚያው አቁሙ፤ ከሌለው ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሰው ይኑር። የዘይት ታንኩን እስከ አንድ ግልጽ ምልክት ሙሉ። ከዚያ በየዕለት ሥራችሁ ላይ 5 ሊትር ቤንዚን እስኪያልቅ ንዱ። ተመልሳችሁ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አቋቋም፣ ከፋርማሲ በተገዛ ባለ 20 ወይም ባለ 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እየለካችሁ እስከ ምልክቱ መልሱ።

ከ60 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ከወሰደ ጤነኛ ነው። አነስተኛው ቁጥር በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚሄድ፣ ትልቁ ዳገት ለሚበዛበት ነው። ከ50 በታች ከሆነ ፓምፑን ሳታዩ ከከተማ አትውጡ። ከ200 በላይ ከሆነም አንድ ነገር ተበላሽቷል፤ ዘይቱ ወደማይገባበት እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ሙከራ በየሦስት ወሩ አድርጉና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ሲወርድ ካያችሁ ፓምፑ ወይም ማጣሪያው ገና ሳይጎዳችሁ ነገራችሁ ማለት ነው።

የዘይት ማነስን በሚናገረው መብራት ብቻ አትተማመኑ። አምፖሉ ይቃጠላል፣ ሽቦው በክረምት ጭቃ ይበላል። ቤንዚን በተሞላ ቁጥር የዘይቱን ታንክም ክፈቱና እዩ።

ቱቦዎቹ

ብዙ ሞተር የሚሞተው ፓምፑ ተበላሽቶ ሳይሆን ርካሽ ቱቦ ተሰንጥቆ ነው። ከታንኩ ወደ ፓምፑ የሚወርደው ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ዘይት ወደ ውጭ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ ፓምፑ ሲስብ ግን በስንጥቁ አየር ይገባል። በብርሃን ፊት ይዛችሁ ስታዩት ውስጡ እንደ ዶቃ የተደረደረ የአየር አረፋ ካለ ቱቦው ይቀየር።

አረፋ እንዴት ያህል ይጎዳል? ሒሳቡ ይህ ነው። 100 ኪሎ ሜትር በ3 ሊትር የሚሄድ ሞተር በ50 ለ1 መጠን (50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት) 60 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጠጣል፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር 0.6 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቱቦ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም አየር ቢገባ የሚይዘው ቦታ 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስለዚህ ያቺ አንዲት አረፋ እስክታልፍ ሞተሩ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ዘይት ይነዳል። ግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት ለጥቂት ጊዜ ያቆየው ይሆናል፤ በዳገት ላይ ግን ለዚያም ዋስትና የለም።

ከጤና ጣቢያ የሚገኝ የግሉኮስ ቱቦ እየተቆረጠ ሲገጠም ይታያል። ለጊዜው ልክ ይገባል፣ ግልጽ ስለሆነም ያምራል። ነገር ግን ለዘይትና ለቤንዚን አልተሠራም፤ ሞተሩ ሲግል ይለሰልስና ከጫፉ ይንሸራተታል፣ ሲከርም ደግሞ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ቤንዚን የሚችል ቱቦ ገዝታችሁ በሁለቱም ጫፍ በስፕሪንግ ማሰሪያው እሰሩት። ቱቦውን ስትቀይሩ ታንኩ መውጫ ላይ ያለችውን ወንፊት አውጥታችሁ በንጹሕ ቤንዚን እጠቡ፤ ታንኩ ሥር የተቀመጠውን ደለልም አብራችሁ አስወግዱ። የቆላ ድባ መንገድ አቧራና የክረምት ውኃ የሚገቡት በላላ ክዳን ስለሆነ የክዳኑን ጎማ አትርሱ።

አየር ማስወጣት

የዘይት ታንኩ ባዶ ከሆነ፣ ቱቦ ከተነቀለ፣ ወይም ሞተሩ ወድቆ በጎኑ ከተኛ አየር ገብቷልና መውጣት አለበት። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሚያስፈልገው ካቻቪቴ፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ሲሪንጅና በቂ ዘይት ነው።

መጀመሪያ ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ጨምሩ፤ ለእያንዳንዱ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር። ታንኩ ውስጥ 3 ሊትር ካለ 120 ማለት ነው። ይህን የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ መዘንጋት የሌለበት ግን ሞተሩ በሥራው መሐል ስለሚነሳና ፓምፑ ገና አየር ስለሚገፋ ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ዘይት ያንን ክፍተት ይሸፍናል።

ፓምፑ በብዙዎቹ ሞዴሎች በሞተሩ በስተቀኝ፣ ከትንሽ ሽፋን ሥር ነው። ሽፋኑ ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው በቤንዚንና በብሩሽ ይታጠብ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የፓምፑን ሲሊንደር ትጭራለች። ሽፋኑ ሲወርድ አካሉ ላይ ትንሽ ሮንዴላ ያላት አየር ማስወጫ ብሎን ትታያለች። ከሥሯ ጨርቅ አድርጉና ፍቱት። መጀመሪያ አረፋ የተቀላቀለ ዘይት እየተፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ ዘይቱ ያለ አረፋ፣ ወጥ ሆኖ ይፈስሳል። በብርድ ጠዋት ቀርፋፋ ስለሆነ ታገሡ። ሮንዴላዋን አይታችሁ፣ ከተሰነጠቀች ቀይራችሁ ብሎኗን መልሱ። አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ከልክ በላይ ከጠበቀ ጥርሱ ይበላል።

ይህ የጸዳው ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያለው ነው። ከፓምፑ ወደ ሞተሩ ያለው ቀጭን ቱቦ ገና አየር ይዟል። ሞተሩን ደጅ አውጥታችሁ አስነሡ፣ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው) ይሂድ። የፓምፑን ኬብል በጣታችሁ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ያዙ፤ ምቱ ረዝሞ ዘይቱ ቶሎ ይገፋል። ቱቦውን ተመልከቱ፤ አረፋዎቹ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ወደ ሞተሩ ሲገቡ ታያላችሁ። የመጨረሻዋ አረፋ አልፋ ቱቦው ጥርት እስኪል ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ማርሚታው ግቢውን በጭስ ይሞላዋል፤ ያ ትክክለኛ ነው፣ ከዘጋችሁ በኋላ ትንሽ ሲነዳ ይጠራል።

ኬብሉና ትንሿ ክፍተት

የነዳጅ ኬብል የቀየረ ሰው የፓምፑንም ኬብል ማስተካከል ግዴታው ነው፤ ሁለቱ ከአንድ መስጫ የሚሳቡ ናቸው። በፓምፑ ጎማ (ኬብሉ በሚያዞረው ክብ) ላይ የተቆረጠ ምልክት አለ፣ አጠገቡ ደግሞ ትንሽ ፒን። በአንዳንድ ሞዴል ጋዙ ተዘግቶ የኬብሉ ልልነት ሲያልቅ፣ በሌላው ደግሞ ጋዙ ሙሉ ሲከፈት ምልክቱና ፒኑ ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ የሞዴሉን መመሪያ እዩ፤ በዚህ ላይ ግምት አይሠራም። መጀመሪያ የካርቡሬተሩን ኬብል፣ ቀጥሎ የፓምፑን አስተካክሉ። ተራው ከተገለበጠ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያበላሻል።

የፓምፑ ኬብል ከተበጠሰ ስፕሪንጉ ፓምፑን ወደ አጭሩ ምት ይመልሰዋል። ሞተሩ ይነሳል፣ ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅበትም፤ የሚነክሰው ሙሉ ጋዝ ይዞ ዳገት ሲወጣ ነው። ስለዚህ በየወሩ ሽፋኑን ከፍታችሁ ጋዝ ሲሰጥ የፓምፑ ጎማ አብሮ ሲዞር በዐይናችሁ እዩ። አንዱ መስጫውን ያዞራል፣ ሌላው ያያል፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

አጭሩ ምት ራሱም ይለካል። ብዙዎቹ ፓምፖች ላይ ያለውን ነጭ ክብ በጣት እያዞራችሁ ጫፉ ላይ ያለችው ሳህን በጣም ወደ ውጭ የወጣችበት ቦታ ላይ አቁሙ። በሳህኗና በጎማው መካከል ያለውን ክፍተት በክፍተት መለኪያ ስለት ለኩ። በብዙ የቆዩ ያማሃዎች ከ0.20 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንዳንዱ ያንሳልና መመሪያው ይቀድማል። ከጠበበ ዳዶዋን ፈትታችሁ ከሳህኗ ሥር ቀጭን ሮንዴላ ጨምሩ፣ ከሰፋ ቀንሱ፣ አጥብቃችሁ እንደገና ለኩ።

ከፍታ የሚያሳስተው ነገር

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ይብሳል። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ ለወፍራሙ አየር የተለካውን ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጥቁር ጭስ ይመጣል። ይህን ዐይቶ «ዘይት በዝቶበታል» ብሎ ፓምፑን መቀነስ በአካባቢው ከሚደረጉት ስሕተቶች ሁሉ ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ነው። የዘይት ጭስ ወደ ሰማያዊነት ያደላል፣ ሽታውም የተቃጠለ ዘይት ነው፤ የቤንዚን ጭስ ጥቁር ነው፣ ዐይን ያቃጥላል። የበዛው ቤንዚን ከሆነ መፍትሔው ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው፦ የአየር ፊልትሮውን እጠቡ፣ መርፌውን አንድ እርከን ዝቅ አድርጉ፣ ካልበቃ አነስ ያለ የቤንዚን ጂግለር (ቤንዚኑን የምትለካ ቀዳዳ ያላት ብሎን) ግጠሙ። ፓምፑን አትንኩ።

ተቃራኒው አደጋ ወደ ቆላ ሲወረድ ነው። ለደጋ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃና መተማ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል። በዚያ ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው ሙቀት 40 ዲግሪ ያልፋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ የጋለ ፒስተን ያብጣል፣ ዘይቱም ይሳሳል። ወደ መተማ ለሥራ የምትመደቡ ከሆነ መርፌውን ወደ ቦታው መልሱ፤ ጂግለር የተቀየረ ከሆነ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ከወረዳችሁ በኋላ ሙሉ ጋዝ ጥቂት ነድታችሁ አጥፉና ካንዴላውን ንቀሉ። ቡናማ ከሆነ ደግ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት አንሶታል፣ አትቀጥሉ።

ሊማሊሞን ስትወርዱ ሌላ ነገር አስቡ። ማርሽ አስገብቶ ጋዝ ዘግቶ መውረድ ለፍሬን ጥሩ ነው፤ ለሁለት ስትሮክ ግን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እየዞረ ፓምፑ አጭሩን ምት ብቻ ይሰጠዋል። በእጅ የተቀላቀለ ቤንዚን የሚጠቀም ሞተር ደግሞ ይብስበታል፤ ቤንዚኑ ሲዘጋ ዘይቱም አብሮ ይዘጋል። በየመታጠፊያው ፍሪሲዮን ይዛችሁ አንድ ሁለት ጊዜ ጋዝ ስጡት፤ ከዚያ ቀጥሉ። ያቺ ትንሽ ጉርሻ ለኩሽኔታው ትበቃለች።

ጭስ ሲበዛ

ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት ሲነሳ ብቻ ደመና የሚያወጣ፣ ከዚያ የሚጠራ ሞተር የአንድ አቅጣጫ መዝጊያው ሾልኳል። ማታ ዘይቱ ተንጠባጥቦ ክራንክሻፍቱ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። ቱቦውን ከሞተሩ በኩል ንቀሉ፣ ጫፉን ጠርጉ፣ አንጠልጥላችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት ጠብታ ካለ መዝጊያውን በቤንዚን እጠቡ። ካልተሻለ ይቀየር።

ቀኑን ሙሉ ነጭ ጭስ እያወጣ የዘይት ታንኩ ሳይሆን የማርሽ ዘይቱ የሚቀንስ ከሆነ፣ በማርሹ በኩል ያለው የክራንክሻፍት ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው ጎማ) አልቋል፤ ሞተሩ የማርሽ ዘይት እየጠጣ ነው። በማግኔቱ በኩል ያለው ሲያልቅ ግን ጭስ አይታይም። በዚያ በኩል አየር ይገባል፣ ሚኒሞው ራሱን እየቻለ ይጨምራል፣ ሞተሩ ይግላል። ይህኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። የዘይት ታንኩ እየጎደለ የማርሽ ዘይቱ ደግሞ ከፍ የሚል ከሆነ የፓምፑ የራሱ ዘንግ ኦይል ሲል ሾልኳል ማለት ነው።

ፓምፑን ነቅሎ መጣል

«ፓምፕ አይታመንም» ብለው ነቅለው በእጅ ማቀላቀል የሚያስለምዱ ጋራዦች አሉ። በትክክል ለሚለካ ሰው መቀላቀል ይሠራል። ችግሩ ሜዳ ላይ ነው፤ ማደያ በሌለበት በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ሲገዛ ስንት ሊትር እንደገባ ማንም በትክክል አያውቅም፣ ዘይቱም ሁልጊዜ አይገኝም። በደንብ የተያዘ ፓምፕ ከእንዲህ ያለ ግምት ይሻላል ብለን እናምናለን። የግድ ከተነቀለ የፓምፑ ማዞሪያ ቀዳዳ በጋስኬትና በብረት ሳህን ይዘጋ፣ የዘይት ማስገቢያዋም ቀዳዳ ትደፈን፤ ክፍት ከቀረች አየር ትስባለች።

መንገድ ላይ ፓምፑ ቢቆም ወደ ከተማ ለመመለስ ግማሽ ሊትር ቱ ቲ ዘይትና አንድ ሲሪንጅ ከመቀመጫው ሥር ይኑር። ለ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር፤ ግማሽ ሊትሩ ለ12 ሊትር ተኩል ይበቃል። ዘይቱን ከጥቂት ቤንዚን ጋር በሃይላንድ ውስጥ በደንብ በጥብጣችሁ ታንኩ ውስጥ ጨምሩ፣ ከዚያ ሞተሩን ግራና ቀኝ አወዛውዙት። ዘይቱ ብቻውን ከላይ ከተደፋ ከሥር ይቀመጥና መጀመሪያ የካርቡሬተሩን ቀዳዳ ይዘጋል፣ ኋላ ደግሞ ያለ ዘይት ቤንዚን ይመጣል።